ዲኤስኤል ይሻላል ኬብል?

እኔ አንድ ነገር ልግዛ ብዬ ከተነሳሁ ቤተሰቡ ሁሉ መከራውን ያያል። ለአንድ ጫማ ሦስት ሞል እዞራለሁ፤ ገዝቼ ስመለስ ደግሞ ያላየሁት አራተኛው ትዝ ይለኝና መንገዱን ሁሉ ቅር እያለኝ እነዳለሁ። ባለቤቴ በተጋባን ሰሞን ይህን እንደ ጨዋታ ታየው ነበር። «የእኔ ባል የሚሞትበትን ቀን ራሱ አወዳድሮ ነው የሚመርጠው» እያለች ጓደኞቿን ታስቅብኛለች። እኔ አልስቅም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ሲባል ገና ልጅ ሆኜ ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ምን እንደማፈስ ባላውቅም እንዳላፈስ ስፈራ ኖሬያለሁ።

አትላንታ ውስጥ ፈጣን ኢንተርኔት በየቤቱ መግባት በጀመረበት ዘመን እኛ ስኔልቪል ባለ ሁለት መኝታ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ መሀል ከተማ ያለ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ መውጫ ላይ፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጬ ሒሳብ እቀበላለሁ። ባለቤቴ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በፊት አንድ ጽንስ በአምስተኛ ወሩ ወጥቶብናል፤ በዚህኛው ደግሞ ደም ግፊቷ አልወርድ ብሎ ሐኪሟ ሥራ አስቁሟት፣ እስክትወልድ ድረስ ተኝታ እንድትቆይ አዟል። እንዳትደነግጥ፣ እንዳትናደድ፣ ደረጃ እንዳትወጣ። ክንዷ ላይ የሚታሰረው የግፊት መለኪያ የቤታችን አዛዥ ሆነ። ቁጥሩ ከፍ ሲል ላብ ያጠምቀኛል፤ ዝቅ ሲል ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን እላለሁ።

ተኝቶ መዋል ያስመረራት ባለቤቴ አንድ ነገር ተመኘች፤ አባቷን በዓይኗ ማየት። ከተለያዩ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሟ በሰፈራቸው ካሜራ ያለው ኢንተርኔት ቤት መከፈቱን ነገራትና አንድ ቅዳሜ አባቱን ይዞ ሄደ። እኛ ያኔ የነበረን በስልኩ መስመር እየጮኸ የሚገባው ዳያል አፕ ነው። ምስሉ ከላይ ወደ ታች በቁራጭ በቁራጭ መጣ። መጀመሪያ የአማቼ ባርኔጣ ታየ፤ ቀጥሎ ግንባራቸው፤ ቅንድባቸው ላይ ሲደርስ መስመሩ ተቋረጠ። ባለቤቴ በሳቅ ጀምራ መጨረሻው ለቅሶ ሆነባት። «በቃ፣ ፈጣኑን አስገባ» አለችኝ። «አባዬን እስከ አገጩ ድረስ ማየት እፈልጋለሁ።»

በዚያው ሳምንት ሁለት ማስታወቂያ በፖስታ መጣልን፤ አንዱ የዲኤስኤል፣ አንዱ የኬብል። ለሌላ ሰው ጉዳዩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ለእኔ ገና መጀመሩ ነው። ዲኤስኤል የሚመጣው በስልኩ ሽቦ ነው፤ ስልኩን ሳይዝ ይሠራል፣ መስመሩም የራስህ ብቻ ነው፤ ግን ቤትህ ከስልክ ጣቢያው በራቀ ቁጥር ይደክማል፣ የዓመት ኮንትራትም ያስፈርማል። ኬብል በቴሌቪዥኑ ሽቦ ይመጣል፤ ይፈጥናል፤ ግን ከሰፈሩ ሰው ጋር የምትጋራው ነው፣ ሁሉም ከሥራ ገብቶ ሲከፍተው እንደ ቧንቧ ውሃ ይቀጥናል ይላሉ። ማሪዬታ የሚኖረው ታክሲ ነጂ ጓደኛዬ በኬብል ይምላል። ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ የስልክ ካርድ የምገዛበት ባለሱቅ ደግሞ «ኬብል ያስገባህ ቀን እኔን አያድርገኝ» አለኝ።

ሥራ ቦታዬ ላይ ኮምፒውተር የሚያውቅ የመሰለኝን ሁሉ፣ መኪናውን ሊያወጣ መስታወቱን ሲያወርድ እጠይቀዋለሁ። አንድ ቀን ከቤታችን እስከ ስልክ ጣቢያው ያለውን ርቀት በመኪናዬ ለካሁ። ጣቢያው መስኮት የሌለው የሸክላ ሕንፃ ነው። ሽቦው በመንገዱ ዳር ይሂድ በጓሮ ይቁረጥ ስለማላውቅ፣ በሌላ መንገድ ዞሬ እንደገና ለካሁ። ሁለቱ ልኬቶች ተለያዩ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን ምግብ አልበላ አለኝ።

ቅዳሜ ሲደርስ የባለቤቴ ወንድም ወደ እኔ ይደውላል።

«ጋሼ፣ ገባ? አባባ የዛሬው ይሆናል ወይ እያሉ ነው።»

«ለሚመጣው ቅዳሜ» እለዋለሁ። «አንዴ ከፈረምኩ ዓመት ሙሉ መውጫ የለኝም። ትንሽ ላጣራ።»

እንዲህ እያልኩ ሦስት ቅዳሜ አለፈ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት በመስታወት ሳጥኔ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ። በዚያ ቁጥር የሚደውልልኝ አለቃዬ ብቻ ነው፤ ለክፉ ቀን ብዬ ለአማቾቼ ሰጥቼው እንደነበር ረስቼዋለሁ። የባለቤቴ ወንድም ነበር።

«ጋሼ፣ ብቻህን ነህ?»

የአገሬ ሰው ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። «ብቻህን ነህ» ብሎ የጀመረ ሰው ደህና ወሬ ነግሮ አያውቅም። አማቼ ሌሊቱን በእንቅልፋቸው አርፈዋል፤ ቤተሰቡ ከቀብር መመለሱ ነው።

«እሷ እንዳትሰማ» አለኝ ድምፁ እየተቆራረጠ። «እማዬ መቃብሩ አጠገብ ቆማ ምላለች። ልጄ በሰላም እስክትገላገል ማንም ትንፍሽ እንዳይል ብላለች።»

ከፊቴ የቆመው መኪና ጡሩምባ ነፋ። ለሰውየው መልሱን አብዝቼ ሰጠሁት። የማፍርበትን ነገር ልናገር፤ በዚያች ደቂቃ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ስለ አማቼ አልነበረም። «እንኳንም ኢንተርኔቱ አልገባ» ነው ያልኩት።

ከሥራ እንደወጣሁ በቀጥታ የሄድኩት ሁላችንም እማማ ወደምንላቸው ባልቴት ቤት ነው። በእኛ ማኅበር ውስጥ መርዶ ያለ እሳቸው አይነገርም። ማን በስንት ሰዓት እንደሚሄድ፣ ማን አፍ አውጥቶ እንደሚናገር፣ ማን ከሐዘንተኛው ጎን እንደሚቀመጥ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።

«እርስዎ ምን ይላሉ፣ እማማ? እኔ ግራ ገብቶኛል» አልኳቸው።

«ምኑ ግራ ያጋባል? መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በዚያ በኮምፒውተራችሁም አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ማልዶ ሄዶ፣ ደግፎ ይዞ ነው የሚነገረው። አሁን ደግሞ ሁለት ነፍስ ናት። በሰላም ትውለድ፣ አርባ ቀኗም ይሙላ። ዝም ማለት ትችላለህ?»

«እችላለሁ።»

«አፍህንስ አልጠራጠርም። ፊትህ ነው የሚያሰጋኝ።»

እኔንም ያሰጋኝ እሱ ነበር። ወደ ቤት ስነዳ በመኪናው መስታወት ፊቴን እያየሁ ፈገግታ ስለማመድ፣ መብራት ላይ ከጎኔ የቆመች ሴትዮ መልሳ ፈገግ አለችልኝ።

ለባለቤቴ የተነገራት አባቷ ለጉልበታቸው ጠበል መሄዳቸው፣ ቦታውም ስልክ የማይገባበት ገዳም መሆኑ ነው። ሱባዔ ስለገቡ ጊዜ ይወስዳል ተባለ። ቡፎርድ ሃይዌይ ያለው ባለሱቅ እውነቱን ያውቃል፤ ማሪዬታ ያለው ጓደኛዬ ያውቃል፤ የቤተክርስቲያኑ ሰው ሁሉ ያውቃል። አንዲት የሥጋ ዘመዷ ልትጠይቃት ስትመጣ ለሐዘኑ የለበሰችውን ጥቁር ሹራብ መኪናዋ ውስጥ አውልቃ ቀይ ለብሳ ትገባለች። ከተማው በሙሉ በሚያውቀው ነገር ውስጥ የማታውቅ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷም ሶፋ ላይ ተጋድማ ስለ አባቷ ጉልበት ታወራለች።

ከዚያ ወዲህ ኢንተርኔቱን እንደ እባብ ፈራሁት። ገብቶ ቢሆን ወንድሟን በካሜራ ታየዋለች፤ ለሐዘን ያሳደገውን ጢም ታያለች። ይህም ባይሆን ኢሜይል አለ። አውሮፓ ያሉ የአክስቷ ልጆች እንዳልተነገራት ሳያውቁ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብለው ይጽፉላታል። ስለዚህ በመጀመሪያ «ሐኪምሽ ሊደውል ይችላል፣ ስልኩ መያዝ የለበትም» ብዬ ዳያል አፑን ነቀልኩት። ፈጣኑን ደግሞ ማዘግየት ነበረብኝ።

እሷ ግን የባሰ ቸኮለች። «አባዬ ከጠበል ሲመለስ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቀው» አለች። እኔ በአንዱ ሳምንት «ዲኤስኤል እዚህ ድረስ በደንብ አይደርስም አሉ» እላለሁ። እሷ ተኝታ ስልክ ትደውልና «ይደርሳል ብለውኛል» ትላለች። በሚቀጥለው «እንግዲያው ኬብል ይሻል ይሆን?» እላለሁ። «ኬብል አስገባ።» «ማታ ማታ ይንቀራፈፋል እኮ።» «ዲኤስኤል አስገባ።» «የዓመት ኮንትራቱስ?» ስትቆጣ ክንዷ ላይ ያለው መለኪያ ላይ ዓይኔ ያርፋል። ብነግራት ልጁን እናጣለን፤ ባልነግራት በዚህ ጭቅጭቅ እናጣዋለን። 

አንድ ነገር ግን ያስገርመኝ ነበር። እሷ ጭራሽ አልጠረጠረችኝም። ይህን ያህል ውሸት የዋሸ ሰው አንድ ቀን ይነቃበታል ብዬ ስጠብቅ፣ ባለቤቴ ለጓደኛዋ በስልክ «ኧረ እሱን ተይው፣ አመሉ ነው» ስትል ሰማኋት።

የአጎቴ ልጅ፣ እዚሁ ያደገ የኔትወርክ መሐንዲስ፣ አንድ እሑድ ሊጠይቀን መጣ። ሲወጣ እስከ መኪናው ሸኘሁትና ጥያቄዬን አቀረብኩ።

«ከሁለቱ የሚብሰው የትኛው ነው?»

«የሚሻለው ማለትህ ነው?»

«አይደለም፣ የሚብሰው። ፊት ደብዝዞ የሚታይበት።»

ምክንያቱን ስነግረው የመኪናውን በር እንደያዘ ቀረ።

«ዌይት። አባቷ ፓስ አድርገው፣ ላይክ፣ ሺ ዳዝንት ኖው?»

«ስትወልድ ይነገራታል። ወጉ ነው።»

«ዳት ኢዝ ክሬዚ፣ ጋሼ። እኔ ብሆን ፎርጊቭ አላደርግህም።» ትንሽ አሰበና ቀጠለ። «ኤኒዌይ፣ አንተ ጋ ያለው ማተር አያደርግም። ስሎው የሚያደርገው አዲስ አበባ ያለው ኮኔክሽን ነው። ዲኤስኤልም ኬብልም ለእናንተ ሴም ነው። ጀስት ፒክ ዋን።»

መኪናውን አስነስቶ ሄደ። እኔ እዚያው መንገዱ ዳር ቆሜ «ሴም ነው» የሚለውን ቃል እያላመጥኩ ቀረሁ። ያ ሁሉ ልኬት፣ ያ ሁሉ ጥያቄ። ያኔ ወደዚያ ሐሳብ ጠልቄ መግባት አልፈለግኩም፤ ሌላ የሚያስፈራኝ ነገር ነበረና ገፋሁት።

ከሥራ ስመለስ አንድ ቀን የኬብል ሠራተኛ መኪና ደጃችን ቆሞ አገኘሁ። ባለቤቴ ስልኩን ሆዷ ላይ አስቀምጣ ራሷ አዝዛው ኖሯል። «አንተ እስክትመርጥ ልጁ ኮሌጅ ይገባል» አለችኝ እየሳቀች። ከጠረጴዛው ሥር አረንጓዴ መብራቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ። አብሬያት ሳቅኩ። ከዚያ ወንበር ስቤ መብራቶቹ ፊት ተቀመጥኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው እሷ ሳትነሳ ኢሜይሏን እከፍታለሁ። የይለፍ ቃሏን አውቀዋለሁ። ከጀርመን አንድ፣ ከስዊድን አንድ የማጽናኛ ደብዳቤ አጠፋሁ። የጀርመኗ ዘመድ አማቼ በልጅነቷ ትምህርት ቤት በትከሻቸው ተሸክመው እንደወሰዷት ጽፋ ነበር። አንብቤው አለቀስኩና አጠፋሁት። የሌላ ሰው ሐዘን ሰርቄ ያለቀስኩ መሰለኝ።

ቅዳሜ ደረሰ። ወንድሟን በካሜራ ልታየው ተቀጣጥረዋል፤ እምቢ ቢል ትጠረጥራለችና ምርጫ አልነበረውም። እኔ ከወንበሯ ጀርባ ቆምኩ። ምስሉ የአጎቴ ልጅ እንዳለው እየቆመ እየሄደ መጣ። ወንድሟ ባለመስመር ሸሚዝ ለብሷል። ጢሙን በእናቱ ትእዛዝ በሐዘኑ መሀል ተላጭቶታል።

«አባዬስ?»

«ጠበል ናቸው። ሱባዔያቸውን አልጨረሱም።»

«ጉልበቱ እንዴት ሆነ?»

«ተሽሏቸዋል።»

ጠጋ ብላ አየችው። «ጢምህን ተላጨህ እንዴ? አምሮብሃል።»

ልጁ ሳቀና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ምስሉ እዚያ ላይ ቆመ። ባለቤቴ «አፍሮ ነው» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ፤ ደስ ብሏታል። ያን ቀን ግፊቷ ከወራት ወዲህ ዝቅተኛው ሆኖ ተመዘገበ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ በቀዶ ሕክምና ወንድ ልጅ ወለደች። ሁለቱም ደህና ናቸው ሲሉኝ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ፤ ነርሷ ውሃ አመጣችልኝ። ባለቤቴ ከማደንዘዣው እንደነቃች የጠየቀችው «አባዬ ሰምቷል?» ነው። «ሰምተዋል» አልኳት።

አርባው ቀን አልፎ በመጣው እሑድ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ እማማ ሰዉን ይዘው መጡ። የሞተር ድምፅ እንዳትሰማ መኪናቸውን ራቅ አድርገው ማዞሪያው ጋ ደርድረው፣ ነጠላቸውን እየተከናነቡ በሰፈራችን ሣር ዳር በእግር ነው የመጡት። በሩን የከፈተችው እሷ ናት፤ ልጁን አቅፋለች። እማማን አየች፣ ከኋላቸው የቆመውን ሰው አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ልጁን አቀበለችኝ።

«የትኛው ነው?» አለች። «እማዬ ናት አባዬ?»

እማማ እቅፍ አድርገው ይዘው ነገሯት። የጮኸችው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። የጎረቤታችን መብራት በራ፤ አንዱ ሰው ወጥቶ ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ አስረዳቸው።

ሰው እየተፈራረቀ ሳምንት ሙሉ አብሮን ዋለ። አገር ቤት ያሉትም ደወሉ፤ ከወንድሟ ጋር ተላቅሰው ሲጨርሱ ለረጅም ጊዜ እሱ ሲያወራ እሷ ዝም ብላ ስትሰማ አየኋት። እኔ የምጠብቀው ቁጣዋን ነበር። ፎርጊቭ አላደርግህም ያለኝ የአጎቴ ልጅ ቃል በጭንቅላቴ ይመላለሳል። ለእያንዳንዱ ውሸቴ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ለጠበሉ፣ ለኢሜይሉ፣ ለፈገግታዬ።

የመጨረሻዎቹ እንግዶች የወጡ ዕለት ከሰዓት በኋላ ልጁ ተኝቷል። እሷ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ጠራችኝ። አልተቆጣችም፤ ድምጿ የደከመ ነበር።

«ማክሰኞ ነው አይደል ያረፈው?»

«ማክሰኞ።»

«አንተ የሰማኸውም ያኑ ዕለት ነው?»

«ያኑ ዕለት።»

ጣቶቿን አንድ ሁለት እያለች ስታጥፍ አየኋት። የምትቆጥረው ቅዳሜዎቹን መሆኑ የገባኝ ሦስተኛው ጣቷ ላይ ስትደርስ ነው።

«ከማክሰኞው ወዲህ ያለው ይገባኛል» አለች። «እናቴ ምላለች፣ እማማ መክረዋል፣ ልጄን አትርፋችሁልኛል። እግዜር ይስጥልኝ። አንዱንም አልቀየምህም።»

እፎይ ልል ስል ቀና ብላ አየችኝ።

«ከማክሰኞው በፊትስ? አባዬ በሕይወት እያለ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ዛሬስ እያለ ሲጠብቀኝ፣ ያኔ ምን እየደበቅከኝ ነበር?»

«ምንም» አልኳት። እውነቴን ነበር።